ለሥራም ለጌምም አንድ ሞኒተር፦ አመራረጡ ከጠረጴዛው እስከ ኬብሉ

የሞኒተር ካርቶን ላይ የሚጻፈው ሁሉ ጩኸት ነው። 165 ሄርዝ! 1 ሚሊሰከንድ! ኤችዲአር! አብዛኛው ጩኸት ደግሞ ጌመርን ለመሳብ የተጻፈ ነው። ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ የሚያፈጠው ኢሜይል፣ ሰነድ፣ የኤክሴል ሰንጠረዥና የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነው። ጌሙ ማታ ነው፤ ያውም ሥራው ካላመሸ።

ስለዚህ የኔ አቋም ይሄ ነው። አንድ ስክሪን ሁለቱንም ይሥራ ከተባለ፣ መጀመሪያ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይነበብ። ፍጥነቱ ቀጥሎ ይመጣል። ደግነቱ ዛሬ ሁለቱ ብዙም አይጣሉም። ድሮ ፈጣን ስክሪን ማለት ቀለሙ የገረጣ ስክሪን ማለት ነበር። አሁን ጥሩ ጽሑፍ፣ ጥሩ ቀለምና ጥሩ ፍጥነት አብረው ይገኛሉ፤ ከየት እንደሚጀመር ካወቃችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ላፕቶፕ ይቀየራል፣ ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ይቀየራል፣ ሞኒተር ግን ይከርማል። ሁለት ሦስት ኮምፒውተር ያስረጀ ሞኒተር ብርቅ አይደለም። በጀት ስትከፋፍሉ ይሄን አትርሱ።

ደረጃ 1፦ ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ወረቀት አውጡና ያለፈውን ሳምንት አስቡ። ስንት ሰዓት አነበባችሁ፣ ጻፋችሁ? ስንት ሰዓት ስብሰባ ላይ ተቀመጣችሁ? ስንት ሰዓት ተጫወታችሁ? ሰው ስለራሱ ሲገምት ይሸወዳል። ራሱን ጌመር ብሎ የሚጠራ ሰው ሳምንቱ ሲቆጠር የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የጌሙንም ዓይነት ጻፉ። ኦንላይን የተኩስ ውድድር የሚጫወት ሰው ፍጥነት ይፈልጋል። ታሪክ ያለው፣ ሰፊ ዓለም ውስጥ የሚዞሩበት ጌም የሚወድ ሰው ደግሞ ቀለምና ጥራት ይበልጥበታል። እግር ኳስና የመኪና ውድድር መሃል ላይ ናቸው። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚሰኩትን ማሽኖች በሙሉ ዘርዝሩ፦ የሥራ ላፕቶፕ፣ የግል ዴስክቶፕ፣ ፕሌይስቴሽን ወይም ኤክስቦክስ ካለ። ወረቀቷን አትጣሏት፤ ደረጃ 8 ላይ ትፈለጋለች።

ደረጃ 2፦ ጠረጴዛውን ለኩ

የሞኒተር ኢንች የሚለካው ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ጠረጴዛው ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ አይነግራችሁም። በተለመደው 16 ለ 9 ቅርጽ፣ 24 ኢንች ወርዱ 53 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 30 ገደማ ነው። 27 ኢንች 60 በ34 ነው። 32 ኢንች 71 በ40። ሰፊው 34 ኢንች ደግሞ ወርዱ 80 ይሆናል፣ ቁመቱ ግን ከ27ቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

አሮጌ ካርቶን በነዚህ ልኮች ቁረጡና ጠረጴዛው ላይ አቁሙት። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። እጃችሁን ስትዘረጉ የጣታችሁ ጫፍ ካርቶኑን ሊነካ ሲደርስ፣ ርቀቱ ጥሩ ነው። በቁጥር ከ50 እስከ 100 ሴንቲሜትር መሆኑ ነው። ጥጎቹን ለማየት አንገታችሁን ማዞር ካስፈለጋችሁ መጠኑ በዝቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው የሞኒተሩን እግር ነው። እግሩ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ቦታ ይበላል። ጥልቀቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ ላይ 32 ኢንች ስታስቀምጡ ስክሪኑ ፊታችሁ ላይ ይደቀናል። መፍትሔው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ክንድ ነው። ለዚያ ደግሞ ከሞኒተሩ ጀርባ ቬሳ የሚባሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች መኖር አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ100 በ100 ሚሊሜትር ወይም በ75 በ75 የተራራቁ ናቸው። አንዳንድ ርካሽ ሞኒተር ጭራሽ የለውም።

ደረጃ 3፦ መጠኑንና ጥራቱን አብራችሁ ምረጡ

ዋናው ደረጃ ይሄ ነው። ሌላውን ብትዘሉ እንኳ ይሄን አትዝለሉ።

መጠን ብቻውን፣ ወይም የፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ብዛት ብቻውን፣ ምንም አይናገርም። ቁም ነገሩ እፍጋቱ ነው፤ አንድ ኢንች ላይ ስንት ፒክስል ተደርድሯል የሚለው። 1080ፒ፣ 1440ፒና 4ኬ የሚባሉት የፒክስል ብዛት ደረጃዎች ናቸው፤ ከ1080ፒ ወደ 4ኬ ሲሄዱ ይበዛል። 24 ኢንች በ1080ፒ በአንድ ኢንች 92 ፒክስል አለው። ያንኑ 1080ፒ ወደ 27 ኢንች ስትዘረጉት 82 ይወርዳል። 27 ኢንች በ1440ፒ 109 ነው። 27 ኢንች በ4ኬ 163፣ 32 ኢንች በ4ኬ ደግሞ 138 ገደማ።

82 ምን ይመስላል? ከሩቅ ፊልም ስታዩበት ምንም አይመስልም። ጽሑፍ ስትከፍቱበት ግን ይታወቃል። በተለይ በኛ ፊደል ይብሳል። ቢ እና ቤ የሚለያዩት ከእግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ነገር ነው፤ አንዷ ጋ ሰረዝ፣ አንዷ ጋ ቀለበት። ፒክስሉ ሲሳሳ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና ቤ ቢ ትመስላለች። ጪ እና ጬ፣ ሲ እና ሴ እንደዚያው። አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምተዋል እንጂ አያየውም። ሰነድ የሚያርም ሰው ሲውል ዓይኑ ለምን እንደሚደክመው ላይገባው ይችላል። ስለዚህ ሞኒተር ልትሞክሩ ስትሄዱ፣ የተራራና የፏፏቴ ቪዲዮውን ተዉትና በትንሽ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። ስልካችሁ ላይ ወይም ፍላሽ ላይ አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚህ ተነስቼ እንዲህ እላለሁ። 1080ፒ ከ24 ኢንች በላይ አትውሰዱ። 27 ኢንች በ1440ፒ ለሁለቱም ሥራ ሚዛኑን የጠበቀው ምርጫ ነው፤ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ይከፈታል፣ ፊደሉ ሳይጎላ ይነበባል፣ ጌሙም ካርዱን አያደቀውም። አንድ ሞኒተር ብቻ ጥቀስ ብትሉኝ የምጠቅሰው ይሄን ነው። 32 ኢንች በ1440ፒ ግን ተጠንቀቁ፦ እፍጋቱ ከ24 ኢንች 1080ፒ ጋር አንድ ነው። ትልቅ ሆነ እንጂ ጥርት አላለም። ከራቅ ብሎ ለመጫወት ግን አይከፋም።

4ኬን የሚወዱም አልተሳሳቱም። 27 ኢንች 4ኬ ላይ ፊደሉ በጣም ስለሚያንስ ማጉያውን 150 በመቶ ታደርጋላችሁ። ያኔ የሥራ ቦታው ከ1440ፒ ጋር እኩል ይሆናል፤ የሚጨምረው የፊደሉ ጥራት ነው። ሥራው ማንበብ፣ መጻፍና ፎቶ ማስተካከል ለሆነ ሰው ዋጋው አይቆጭም። ማክ ተጠቃሚዎች ደግሞ 4ኬን በቁም ነገር ያስቡበት። ማክ ሞሃቪ ከተባለው የ2018 እትሙ ጀምሮ ዝቅተኛ እፍጋት ያለው ስክሪን ላይ ፊደል የሚያለሰልስበትን አንዱን ዘዴ ትቶታል። 1440ፒ ላይ ጽሑፉ ከዊንዶውስ ይልቅ ትንሽ ፈዘዝ ይላል።

ሰፊው 34 ኢንች፣ ማለትም 3440 በ1440፣ ረጅም ሰንጠረዥና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ላይ ንጉሥ ነው። የመኪና ውድድርና የበረራ ጌም ላይም ልብ ይሰርቃል። ግን ሁለት ችግር አለው። ኮንሶል፣ ማለትም ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ፣ ሰፊውን ቅርጽ ስለማይሰጥ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል ወይም ምስሉ ይለጠጣል። ስብሰባ ላይ ሙሉ ስክሪናችሁን ስታጋሩ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሰው የሚያየው ቀጭን ጥብጣብ ነው፤ ጽሑፉ አይነበበውም። አንድ መስኮት ብቻ ማጋራት ልመዱ።

ጠመዝማዛ ስክሪን? 1500አር ሲባል የክቡ ሬዲየስ 1500 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጥምዝናው ይበዛል። ሰፊ ስክሪን ላይ ይጠቅማል። 27 ኢንች ላይ የጣዕም ጉዳይ ነው። ቀጥ ያለ መስመር የሚስል ዲዛይነር ግን ዝርግ ይግዛ።

ደረጃ 4፦ ግራፊክስ ካርዱን ጠይቁት

1080ፒ ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክስል ነው። 1440ፒ 3.7 ሚሊዮን። 4ኬ 8.3 ሚሊዮን። ካርዱ ይሄን ሁሉ በየፍሬሙ፣ ማለትም በእያንዳንዱ ምስል፣ መሳል አለበት፤ በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 100 ጊዜ፣ ከዚያም በላይ። 4ኬ ከ1080ፒ አራት እጥፍ ሥራ ነው። መካከለኛ ካርድ ከ4ኬ ጋር ስታጋጥሙት ከባድ ጌም ላይ ይንተፋተፋል።

ለቢሮ ሥራ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም። ተራ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ ግራፊክስ 4ኬን በ60 ሄርዝ ያለ ችግር ያወጣል። ጌም ላይ ደግሞ ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአር የሚባሉት ዘዴዎች አሉ። ጌሙ በትንሽ ፒክስል ይሳልና ወደ 4ኬ ያድጋል። ካርዳችሁ አቅም ካጠረው የስክሪኑን ጥራት ከመቀነስ ይልቅ እነሱን ክፈቱ። 4ኬ ስክሪንን በ1440ፒ ብታስኬዱት ፒክስሎቹ እኩል ስለማይካፈሉ ምስሉ ይደበዝዛል።

ካርድ ልትቀይሩ ካሰባችሁ ለሚመጣው ካርድ ግዙ። ቀድሜ እንዳልኩት የሚከርመው ሞኒተሩ ነው።

ደረጃ 5፦ ፓነሉን ምረጡ

ፓነል ማለት ምስሉን የሚያወጣው የሞኒተሩ ገጽ ነው። ገበያ ላይ አራት ቤተሰብ አለ፦ ቲኤን፣ አይፒኤስ፣ ቪኤ እና ኦሌድ።

ቲኤንን በአጭሩ እንለፈው። ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ግን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብላችሁ ስታዩት ቀለሙ ይገለበጣል። ዛሬ ለሥራ የሚገዛበት ምክንያት አይታየኝም።

አይፒኤስ ቀለሙ ታማኝ ነው፣ ከጎንም ሲያዩት አይለወጥም። ድክመቱ ጥቁሩ ነው። ኮንትራስቱ፣ ማለትም የነጩና የጥቁሩ የድምቀት ልዩነት፣ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ለ 1 አካባቢ ስለሆነ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ጥጎቹም ላይ ነጣ ያለ ጭጋግ ይታያል። መብራት በበራበት ክፍል ይሄ አይታወቅም።

ቪኤ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ ኮንትራስቱ 3000 ለ 1 እና ከዚያ በላይ ነው። ለፊልምና ለጨለማማ ጌም ያምራል። ግን ብዙዎቹ ከጥቁር ወደ ግራጫ ሲሸጋገሩ ይዘገያሉ። እንዲህ ፈትሹት፦ ጥቁር ዳራ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ክፈቱና ቶሎ ቶሎ ወደ ታች አሸብልሉ። ከፊደሎቹ ኋላ ሐምራዊ የሚመስል ጥላ ከተጎተተ፣ ያ ነው። ዳርክ ሞድ ላይ የሚውል ኮድ ጻፊ ይሄን ቀኑን ሙሉ ያየዋል። ውድ የሆኑ ፈጣን የቪኤ ፓነሎች ላይ ጥላው በጣም ይቀንሳል።

ኦሌድ ሌላ ዓለም ነው። እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል። ጥቁር ማለት የጠፋ ማለት ነው። ፍጥነቱም ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ማታ ጌም የከፈተበት ሰው ወደ ኋላ መመለስ ይከብደዋል። ታዲያ ለምን ለሁሉም አልመክረውም? አንደኛ፣ አንድ ቦታ የሚቆም ምስል ፒክስሉን ያስረጀዋል። የዊንዶውስ የታችኛው አሞሌ፣ የኤክሴል መስመሮች፣ የስብሰባው መስኮት በቀን ስምንት ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ ከዋሉ ከጊዜ በኋላ ጥላቸው ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ፣ የብዙዎቹ የቀለም ነጥብ አደራደር ከተለመደው ስለሚለይ የፊደል ጠርዝ ላይ ስስ የቀለም ጥላ ይታያል። እፍጋቱ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ሙሉ ነጭ ገጽ ሲከፈት ድምቀቱን ዝቅ ያደርጋል።

እንግዲህ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ተመልከቱ። ጌሙና ፊልሙ ካመዘነ ኦሌድ ግዙ፤ ግን የጥላ መቅረት ዋስትናው ውስጥ በግልጽ መጻፉን አረጋግጡ። አሞሌውን ራሱን እንዲደብቅ አድርጉት፣ ዳራውን ጥቁር አድርጉ፣ ሞኒተሩ ፓነሌን ላድስ ሲል ከሶኬት አትንቀሉት። ሥራው ካመዘነ አይፒኤስ።

ደረጃ 6፦ ሄርዙን በልኩ

ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን ያድሳል ማለት ነው። በ60 ሄርዝ አዲስ ምስል የሚመጣው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። በ144 በየ6.9፣ በ240 በየ4.2። ቁጥሮቹን ልብ በሉ። ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ ወደ 10 ሚሊሰከንድ ታተርፋላችሁ። ከ144 ወደ 240 ግን ሦስት እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያውን ዝላይ ማንም ሰው ያየዋል፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ፣ ገጽ ሲሸበለል ሁሉ ይታወቃል። ሁለተኛውን የሚያጣጥመው የተኩስ ውድድር ተጫዋቹ ነው፤ ያውም ካርዱ ያን ያህል ፍሬም ካወጣ። ለሁለት ሥራ ከ120 እስከ 180 ያለው ከበቂ በላይ ነው።

«1 ሚሊሰከንድ» የሚለውን ማስታወቂያ በጥርጣሬ እዩት። ሁለት የተለያየ ልክ በአንድ ስም ይሸጣል። አንደኛው ፒክስሉ ከአንዱ ግራጫ ወደ ሌላው ግራጫ የሚቀየርበት ጊዜ ነው። ሌላው ኤምፒአርቲ ይባላል፣ የሚሮጥ ምስል ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጀርባ መብራቱን እያበሩ እያጠፉ ነው፤ ያኔ ድምቀቱ ይቀንሳል። የመጀመሪያውም ቢሆን የሚለካው ኦቨርድራይቭ የሚባለው የፒክስል ማፋጠኛ ጫፍ ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ስታደርጉት የሚሮጥ ነገር ከኋላው ነጭ ጥላ ያበቅላል።

ከሄርዙ እኩል የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ ስክሪኑ እርምጃውን ከካርዱ ጋር የሚያስተካክልበት ዘዴ። ይሄ ከሌለ ካርዱ አንዴ 90፣ አንዴ 70 ፍሬም ሲያወጣ ምስሉ መሃሉ ላይ ይቀደዳል ወይም ይንተፋተፋል። ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ በ2013 ጂሲንክ ብሎ አመጣው፤ ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2015 ፍሪሲንክን አስከተለ። ከጥር 2019 ጀምሮ የኤንቪዲያ ካርዶችም ከብዙ የፍሪሲንክ ሞኒተሮች ጋር ስለሚሠሩ ለምርቱ ስም ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ይልቅ ክልሉን እዩ። «ከ48 እስከ 144» ከተባለ ጥሩ ነው። ላይኛው ቁጥር ከታችኛው እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ፍሬሙ ከ48 በታች ቢወርድ እንኳ ሞኒተሩ አንዱን ምስል ደግሞ እያሳየ ይሸፍነዋል።

ደረጃ 7፦ ኤችዲአርን አትመኑ

አጭር ነው። ኤችዲአር ማለት የምስሉን ደማቅና ጨለማ ክፍል አጉልቶ የሚያሳይ ዘዴ ነው። «ኤችዲአር10 ይደግፋል» ማለት ምልክቱን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ በትክክል ያሳያል ማለት አይደለም። ቬሳ የሚባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት (የብሎን ቀዳዳዎቹም ስም ከሱ ነው) ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ዲስፕሌይኤችዲአር የሚል ደረጃ አለው፤ 400፣ 600፣ 1000 እያለ ይሄዳል። 400 የጀርባውን መብራት በየክፍሉ ማደብዘዝ አያስገድድም፤ ለውጡም እምብዛም አይታይም። እውነተኛውን ኤችዲአር ከፈለጋችሁ ኦሌድ ወይም ብዙ የመብራት ክፍል ያለው ሚኒ ኤልኢዲ ነው። ካልሆነ ይህችን መስመር ሰርዟት፤ ገንዘቡንም እፍጋት ላይ አውሉት።

ደረጃ 8፦ መሰኪያና ኬብል

ብዙ ሰው ጥሩ ሞኒተር ገዝቶ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። ለ144 ሄርዝ የተገዛ ስክሪን በ60 ሲሠራ ይኖራል፤ ባለቤቱም አያውቅም። ያቺን የማሽኖች ዝርዝር አምጡ።

የድሮው ኤችዲኤምአይ 1.4 4ኬን በ30 ሄርዝ ብቻ ያወጣል። ማውሱ ሲጎተት ያናድዳል። ኤችዲኤምአይ 2.0 4ኬን በ60፣ 1440ፒን በ144 ይችላል። ዲስፕሌይፖርት 1.4 4ኬን በ120፣ በመጭመቂያ ዘዴ ደግሞ ከዚያ በላይ ያደርሳል። ኤችዲኤምአይ 2.1 እስከ 48 ጊጋቢት በሰከንድ ማሳለፍ ስለሚችል 4ኬን በ120 ይሸከማል። ግን «2.1» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ስሙ ሙሉ ፍጥነት የሌላቸው መሰኪያዎች ላይም ይለጠፋል። ማንዋሉ ውስጥ የእያንዳንዱን መሰኪያ ከፍተኛ ሄርዝ ለይታችሁ አንብቡ።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ዲስፕሌይፖርትን ተጠቀሙ፤ ጭቅጭቅ የለውም። ፕሌይስቴሽን 5 ያላችሁ ኤችዲኤምአይ 2.1 ፈልጉ። ኮንሶሉ ከ120 ሄርዝ አይዘልም፤ ፍሬምን የማስተካከያ ዘዴውም የሚሠራው በዚያ መሰኪያ ነው። 1440ፒን መቀበል የጀመረው በመስከረም 2022 በመጣ ማሻሻያ ስለሆነ 27 ኢንች 1440ፒ ለሱም ያገለግላል።

ላፕቶፕ ለሚጠቀም ሰው ትልቁ ምቾት ዩኤስቢ ሲ ነው። አንድ ኬብል ምስሉን ይወስዳል፣ ላፕቶፑን ቻርጅ ያደርጋል፣ ኪቦርዱንም ያገናኛል። ሁለት ነገር አጣሩ። ሞኒተሩ የሚሰጠው ዋት፦ ለቀላል ላፕቶፕ 65 ይበቃል፣ ለከባዱ 90 ይሻላል። ሁለተኛ፣ የላፕቶፑ ዩኤስቢ ሲ ምስል ማውጣት መቻሉ፤ ሁሉም አይችልም። ኬብሉም እንደዚያው ነው፤ ከስልክ ቻርጀር ጋር የመጣው ኬብል ብዙ ጊዜ ምስል አያሳልፍም።

የሥራ ላፕቶፕና የጌም ዴስክቶፕ ጎን ለጎን ካሏችሁ ኬቪኤም ያለው ሞኒተር ፈልጉ። ኪቦርድና ማውሱ ሞኒተሩ ላይ ይሰካሉ። ሥራ ሲያልቅ አንድ ቁልፍ ትጫኑና ሁሉም ወደ ሌላው ማሽን ይዞራል። ስለዚህ ነገር ካርቶኑ ላይ ማንም አይጮኽም፤ ጥቅሙ ግን ከ240 ሄርዝ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ደረጃ 9፦ እግሩ፣ ወለሉ፣ ዓይናችሁ

ከፍና ዝቅ የማይል ሞኒተር አትግዙ። ከገዛችሁም የክንድ ዋጋ ጨምራችሁ አስሉ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ይበል። ሁለት ዓይነት ሌንስ ያለው መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ከዚያም ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ ቀና ብላችሁ ማንበብ ትለምዱና አንገታችሁ ይከፍላል።

መስኮት ከጀርባችሁ ካለ የሚያንጸባርቅ ወለል አይሆናችሁም፤ ደብዛዛውን ምረጡ። ስክሪኑንም ከመስኮቱ ጎን አዙሩት። የድምቀት አቅም 300 ኒት ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል፤ ፀሐይ ለሚገባበት 350 እና ከዚያ በላይ።

ብርሃኑ የሚርገበገብ ሞኒተርም አለ። አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማው፣ አንዳንዱ ራሱን ያመዋል። ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ድምቀቱን ወደ ሩብ አውርዱ፣ በስልክ ካሜራ እዩት። ጥቁር ሰንበሮች ስክሪኑ ላይ ከሄዱ ጠርጥሩ። የትኛውም ሞኒተር ቢሆን ግን ዕረፍትን አይተካም። የዓይን ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ነው፦ በየ20 ደቂቃው፣ ለ20 ሰከንድ፣ ስድስት ሜትር ያህል የራቀ ነገር ተመልከቱ።

ደረጃ 10፦ ቤት ሲገባ

መጀመሪያ ሄርዙን አስተካክሉ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ አድቫንስድ ዲስፕሌይ። እዚያ 60 ተመርጦ ካገኛችሁት ወደ ላይኛው ቀይሩት። ላይኛው ከሌለ ጥፋተኛው ኬብሉ ወይም መሰኪያው ነው። ቀጥሎ የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ፍሪሲንኩን ክፈቱ፤ ተዘግቶ የሚመጣ ብዙ አለ።

ኦቨርድራይቩን መሃለኛው ላይ አድርጉ። ቴስት ዩፎ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የምትንቀሳቀሰውን ዩፎ እያያችሁ አወዳድሩ፤ ከኋላዋ ነጭ ጥላ ከታየ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ። ዊንዶውስ ላይ ክሊርታይፕን ፈልጋችሁ የቀረቡላችሁን የጽሑፍ ናሙናዎች እያያችሁ ጥርት ያለውን ምረጡ። በኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ፣ የካርዱ ሴቲንግ ውስጥ የቀለም ክልሉን «ውስን» ከሚለው ወደ «ሙሉ» አዙሩት። ድምቀቱንም ዝቅ አድርጉ፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ለሱቅ መብራት ነው የሚሞላው። ነጭ ገጽ ከፍታችሁ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ያዙ። ሁለቱ እኩል እስኪነጡ አውርዱት። ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ሞኒተር ላይ የሰው ፊት ብርቱካን ከመሰለ፣ ለሥራ ኤስአርጂቢ የሚለውን ሞድ ምረጡ።

ከዚያ ጉድለት ፍለጋ። ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ተራ በተራ ሙሉ ስክሪን ላይ ክፈቱ። የሞተ ፒክስል በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ በርቶ የቀረው በጥቁሩ ላይ ይታያል። ክፍሉን አጨልሙና ጥቁሩን እንደገና እዩ። ጥግ ላይ ያለው ብርሃን ራሳችሁን ስታንቀሳቅሱ ቦታ የሚቀይር ከሆነ የአይፒኤስ ጠባይ ነው። ካልተንቀሳቀሰ መብራቱ እየፈሰሰ ነው፤ ከበዛም ሞኒተሩን ለመመለስ በቂ ምክንያት ነው።

አንድ የሞተ ፒክስል ብቻ ሲገኝ ብዙ አምራቾች በዋስትና አይቀይሩም፤ ስንት ሲሆን እንደሚቀይሩ ፖሊሲያቸው ላይ ይጽፋሉ። የሻጩ የመመለሻ ጊዜ ግን ምክንያት ላይጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ፍተሻውን በዚያው በመጀመሪያው ቀን ጨርሱት። ካርቶኑንና ፎሙን የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ አትጣሉ፤ ፓነሉ ላይ የተለጠፈውን ፕላስቲክም ፍተሻው ሳያልቅ አትቅደዱት፣ በሱ ውስጥ በደንብ የማይታይ ከሆነ ብቻ በጥንቃቄ ልጡት።